ታንኳን ማውጣትና ማውረድ



ላስታ የተራራ አገር ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ከ4200 ሜትር ያልፋል። ወንዛችን ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል። ሐይቅ የለንም። ስለዚህ «ዛሬ ስለ ታንኳ እናንብብ» ስንላችሁ፣ «ታንኳ ለላስታ ሰው ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው።

መልሳችን ሁለት ነው።

አንደኛ፣ የእኛው ውሃ ሐይቅ ሆኗል። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። ወርዶ ወርዶ በ2002 ዓ.ም በተመረቀው በተከዜ ግድብ ይጠራቀማል። ግድቡ 188 ሜትር ቁመት አለው። ከኋላው የተኛው ውሃ ትልቅ ሐይቅ ነው። ከግድቡ ወዲህ በዋግ በኩል ያሉ ጎረቤቶቻችን በዚያ ውሃ ላይ በጀልባ ዓሣ ማስገር ጀምረዋል። አባቶቻቸው ያልሠሩት ሥራ ነው። አዲስ ሥራ ደግሞ አዲስ ዕውቀት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ታንኳን ከውሃ ወደ ዳር ማውጣት ማለት ከባድ ነገርን ዳገት ማውጣት ማለት ነው። ወደ ውሃ መመለስ ማለት ደግሞ ቁልቁለት ማውረድ ማለት ነው። ወፍጮ ድንጋይ ከተራራ ያወረደ ሰው፣ ለቤት ምሰሶ ግንድ የጎተተ ሰው፣ ይህን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ከጣና ሰዎች እንማር።

ታንኳ ምንድን ናት?

የጣና ሐይቅ ከላሊበላ ወደ ምዕራብ ነው። በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የደረሰ ሰው ወደ ሐይቁ ቀርቧል ማለት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ስፋቱ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስፋቱ ይህን ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው።

በሐይቁ ዳር ደንገል ይበቅላል። ደንገል ረዥም የውሃ ተክል ነው። ከሰው ቁመት እጥፍ ያልፋል። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ በአየር የተሞላ ነው። ስለዚህ ደንገል ይቀላል፣ ይንሳፈፋል።

ታንኳ የምትሠራው ከዚህ ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል። ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ነዶዎቹ እርስ በርሳቸው ይጠፈራሉ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። በውስጧ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይነጠፋል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከርጥበቱ ከፍ ብለው የሚቀመጡት በዚያ ላይ ነው። ቀዛፊው ረዥም እንጨት ይዞ በግራና በቀኝ ይቀዝፋል። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በታንኳ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው። በታንኳ ዓሣ ይጠመዳል፣ የማገዶ እንጨት ይጫናል፣ እህል ይሻገራል፣ ሰው ይሻገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሳንቃ ጀልባ የምትንሳፈፈው ውስጧ ባዶ ስለሆነ ነው። ቀዳዳ ካላት ውሃ ገብቶ ያሰጥማታል። ታንኳ ግን እንደዚያ አይደለችም። በነዶዎቹ መካከል ውሃ ይገባባታል። ቢሆንም አትሰጥምም። የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው።

ታዲያ ጠላቷ ምንድን ነው? ጠላቷ ርጥበት ነው።

ለምን ከውሃ ትወጣለች?

የሰንበሌጥ ነዶ ዝናብ ሲመታው ምን ይሆናል? ይከብዳል። ሳይደርቅ ከከረመ ደግሞ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ታንኳም እንዲሁ ናት። ውሃ ውስጥ ስትቆይ ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። በአየር ፋንታ ውሃ ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ታንኳዋ ዝቅ ትላለች። የምትሸከመው ጭነት ይቀንሳል። ማዕበል ሲመጣ ቀዛፊው አደጋ ላይ ነው።

ስለዚህ የጣና ሰው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ውሃ ላይ አስሮ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጎትቶ ዳር ያወጣታል። ውሃዋ እንዲንጠፈጠፍ ያደርጋል። ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኛት ያደርጋል። ትንሽ ታንኳ ደርቃ ሳለች አንድ ወይም ሁለት ሰው ያነሣታል። ውሃ ከጠጣች በኋላ ግን ያችው ታንኳ ብዙ ሰው ታስቸግራለች። ማውጣቱ ዛሬ ካልተሠራ፣ ነገ ይብሳል።

እንዲህ ተጠብቃም የታንኳ ዕድሜ አጭር ነው። በወራት ይቆጠራል። ሳትደርቅ የምትውል ደግሞ ከዚያ በፊት ታልቃለች። ያን ጊዜ ሌላ ደንገል ይታጨዳል። በጣና ዳር ደንገሉ እንደ ድሮው አይደለም። ዳሩ ለእርሻ እየተባለ ተመንጥሯል፤ ደንገሉም ቀንሷል። እንግዲህ አንዲት ታንኳ አንድ ወር ብትጨምር፣ ለባለቤቱ ጉልበት ተረፈ፣ ለሐይቁ ደንገል ተረፈ ማለት ነው።

ይህ ጥበብ የጣና ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ፣ ሁዋንቻኮ በሚባለው የባሕር ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ቶቶራ ከሚባል የውሃ ተክል ትንንሽ ታንኳ ይሠራሉ። ሲመለሱ ታንኳዎቹን በአሸዋው ላይ እንደ ምሰሶ ያቆሟቸዋል። ውሃው ወደ ታች ይንጠባጠባል። በደቡብ ሕንድ የታሚል ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ግንዶችን አንድ ላይ አስረው ባሕር ይወጣሉ። ስሟ «ካቱማራም» ይባላል፤ ትርጉሙ «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። ሲመለሱ ገመዱን ይፈቱና ግንዶቹን አሸዋው ላይ ያደርቋቸዋል። ሦስቱ ሕዝቦች በሦስት አህጉር ይኖራሉ። ያገኙት መልስ ግን አንድ ነው።

ሸራ ያላት ጀልባስ?

ሸራ ማለት ነፋስ እንዲይዝ የሚሰቀል ጨርቅ ነው። ሸራ ያላት ጀልባ በነፋስ ትሄዳለች። ብዙውን ጊዜ ከሳንቃ የተሠራች ናት። ስለዚህ ጠባይዋ ከታንኳ ይለያል። ድንጋይ ላይ ብትጎተት ሆዷ ይፋቃል። ከውሃ ወጥታ በብርቱ ፀሐይ ብዙ ቀን ብትሰነብት ደግሞ ሳንቃው ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ተጠርቦ የተሠራ የእንጨት ገንዳ ፀሐይ ላይ ሲከርም አይሰነጠቅም? ልክ እንደዚያ ነው። ለታንኳ ፀሐይ መድኃኒቷ ነው። ለሳንቃ ጀልባ ግን ጥላ ያስፈልጋታል።

ሸራ ያላት ጀልባ ወደ ዳር ስትደርስ በመጀመሪያ ሸራው ይወርዳል። ሸራው እንደተሰቀለ ጀልባዋን የሚጎትት ሰው ከነፋስ ጋር ይታገላል፤ ነፋሱም ሊገለብጥበት ይችላል። ቀጥሎ ከሥሯ ወደ ውሃ የወረደ ሳንቃ ወይም መሪ ካለ ወደ ላይ ይነሣል፤ አለዚያ መሬት ላይ ተመትቶ ይሰበራል። ከዚያ ጭነቱ ይራገፋል። ባዶዋን ማውጣት እያለ ከነጭነቷ መጎተት ከንቱ ድካም ነው።

እንዴት ትጎተታለች?

አሁን ሒሳብ እንሥራ። እርሳስ ያላችሁ እርሳሳችሁን አንሡ።

ለምሳሌ 120 ኪሎ የምትመዝን ጀልባ አለች እንበል። ዳሩ ደግሞ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ጀልባዋን የሚይዟት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንዱ ሰበቃ ነው። ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው ኃይል ሰበቃ ይባላል። በአሸዋ ላይ ሰበቃው ብርቱ ነው። የክብደቷን ግማሽ ያህል ነው ብንል 60 ኪሎ ይሆናል።

ሌላው ዳገቱ ነው። ዳገቱ ከ10 አንድ ስለሆነ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ይጨምራል። ይህም 12 ኪሎ ነው።

60 ሲደመር 12፣ 72 ይሆናል። ሁለት ሰው ቢጎትታት ለያንዳንዱ 36 ኪሎ ይደርሰዋል። አራት ሰው ቢጎትታት 18 ይደርሰዋል።

አሁን ደግሞ መሬቱ ላይ ሳንቃ እናንጥፍ። በሳንቃው ላይ ድቡልቡል ግንዶችን በአግድም እናስቀምጥ። ጀልባዋ በግንዶቹ ላይ ትንከባለላለች። ያለፈችውን ግንድ ከኋላ እያነሡ ከፊት ማስቀመጥ ነው። ሰበቃው ከ60 ወደ 12 ኪሎ ወረደ እንበል። የዳገቱ 12 ሲደመር 24 ይሆናል። አራት ሰው ከሆኑ ለያንዳንዱ 6 ኪሎ ብቻ ነው። አያችሁ? ሰዎቹ ያው አራት ናቸው። ጉልበታቸው አልጨመረም። ሥራው ግን ከ18 ወደ 6 ቀለለ።

ግንድ ሰበቃን ይቀንሳል እንጂ ዳገቱን አይቀንስም። ዳገቱን ለመቀነስ ለስለስ ያለ መውጫ መምረጥ ነው። ይህን ለላስታ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። የእኛ የእግር መንገድ ተራራውን ቀጥ ብሎ አይወጣም። ይጠመዘዛል፣ ይዞራል። መንገዱ ይረዝማል፣ ድካሙ ግን ይቀላል። ጀልባም በሰያፍ መንገድ ስትወጣ እንዲሁ ናት።

የጋራ ጉተታ ሌላም ደንብ አለው። አራት ሰው በየራሱ ጊዜ ቢጎትት የአንድ ሰው ጉልበት ያህል ነው። አንድ ሰው ድምፅ ይስጥ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ሲባል ሁሉም በአንድነት ይሳብ። በደቦ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም?

ስትወርድ ነው ጥንቃቄው

ብዙ ሰው «ማውጣቱ ነው ከባዱ፣ ማውረዱማ ቀላል ነው» ይላል። ድካሙ ቀላል ነው፤ አደጋው ግን በማውረድ ላይ ነው። በግንድ ላይ ያለች ጀልባ ቁልቁለት ስታገኝ ራሷ ትሮጣለች። ከፊቷ የቆመ ሰው ካለ ትጨፈልቀዋለች። ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች አትርሱ።

1ኛ. ከጀልባዋ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ማንም አይቁም። ልጆች ይራቁ።

2ኛ. ከኋላዋ ገመድ ይታሰር። ገመዱ በጠንካራ ዛፍ ወይም በተተከለ ግንድ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይጠምጠም። ከዚያ ቀስ እየተባለ ይለቀቅ። የተጠመጠመ ገመድ ከዛፉ ጋር ስለሚፋተግ ጀልባዋን አንድ ሰው ሊይዛት ይችላል። እዚህ ላይ ሰበቃ ወዳጃችን ሆነ ማለት ነው።

3ኛ. ገመዱን በእጅ ላይ ወይም በወገብ ላይ መጠምጠም ክልክል ነው። ጀልባዋ ካመለጠች ሰውየውን ይዛው ትሄዳለች።

4ኛ. ወደ ዳር ስትመለሱ በጀልባዋና በመሬቱ መካከል አትቁሙ። ማዕበል ከኋላ ሲገፋት ከመሬቱ ጋር ታጣብቃችኋለች። በጎኗ፣ ወደ አፍንጫዋ ቀረብ ብላችሁ ያዟት።

ይህ ደንብ ለጀልባ ብቻ አይደለም። ከገደል ላይ ግንድ ስታወርዱ፣ ወፍጮ ድንጋይ ስታንከባልሉ፣ ያው ደንብ ነው። ከሸክም በታች የሚቆም ሰው በአገራችንም ተጎድቷል።

ዳሩም ይሄዳል

ታንኳዋን ስንት ርቀት እናውጣት? ሦስት እርምጃ ይበቃል? አይበቃም። የሐይቅ ዳር አንድ ቦታ አይቆምም።

ጣና በሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። በዝቅታውና በከፍታው መካከል ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ልዩነት የሚኖርበት ዓመት ብዙ ነው። «አንድ ሜትር ተኩል ምን አላት?» አትበሉ። የፎገራና የደንቢያ ዳር ሜዳ ነው። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ በሚል መሬት ላይ፣ ውሃው 1 ሜትር ሲነሣ 100 ሜትር ወደ መሬት ይገባል። በሐምሌ ዳር ላይ የተተወች ታንኳ በነሐሴ ውሃ ውስጥ ናት። ሌሊት ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ባለቤቷ ጠዋት አያገኛትም።

በባሕር ደግሞ ይህ በየቀኑ ይሆናል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ የባሕር ውሃ በብዙ አገር በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። የባሕር ዳር ሰው ብልሃቱን ያውቃል። ውሃው ከፍ ባለ ጊዜ ጀልባውን ይዞ ይመጣል፤ ጉተታው ያጥርለታል። ውሃው ሲሸሽ ጀልባዋ በደረቅ ትቀራለች።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። ዛሬ ውሃው ያለበትን አትዩ። ሊደርስ የሚችልበትን እዩ። ከዚያ በላይ አውጡ፤ አውጥታችሁም እሰሩ። የተከዜ ግድብ ውሃም ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ለዋግ ዓሣ አስጋሪዎች ይህ ደንብ የሚሠራ ነው።

በጣና ላይ ሌላም ችግር መጥቷል። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2004 ዓ.ም ገደማ በሐይቁ ላይ መታየቱ ተነገረ። የመጣበት ዘር ከደቡብ አሜሪካ ነው። በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳር በውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ። እምቦጭ በተጠቀጠቀበት ቦታ ታንኳ መግባትም መውጣትም ያቅታታል። የዳሩ ገበሬዎች በዘመቻ ውሃ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ሲነቅሉት ቆይተዋል። የዳር መንገድ ከተዘጋ የዓሣ አጥማጁ እንጀራ ተዘጋ ማለት ነው።

የጣና ደንገል በውቅያኖስ

በመጨረሻ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌጂያዊ ነበር። «የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር» ብሎ ያምን ነበር። ብዙ ሊቃውንት አላመኑትም። «ደንገል ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል» አሉት። እሱም ልሞክረው አለ። ደንገሉን ያገኘው ከየት ይመስላችኋል? ከእኛው ከጣና ነው።

የጣና ደንገል ታጭዶ ወደ ግብፅ ተጓዘ። በፒራሚዶቹ አጠገብ፣ በአሸዋው ላይ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች አሰሩት። 15 ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ ሆነች። ስሟም «ራ» ተባለ። ታዲያ ከአሸዋው መካከል እንዴት ትውጣ? የተሠራችው በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በገመድ ሳቧት። አንድ ላይ፣ በአንድ ድምፅ ሳቧት። ከዚያ በመርከብ ተጭና ወደ ሞሮኮ ሄደች።

ራ ሸራዋን ሰቅላ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሣች። ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሄደች። ነገር ግን የኋላዋ ክፍል ውሃ ጠጥቶ ረገበ። ሰዎቹም ከመድረሳቸው በፊት ጥለዋት በሌላ ጀልባ ተረፉ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ የደንገል ጀልባ ሠሩ። «ራ 2» አሏት። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም ከሳፊ ተነሥታ ሐምሌ 5 ቀን ከውቅያኖሱ ማዶ ባርቤዶስ ገባች። በ57 ቀን 6100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች።

ራ 2 ዛሬ በኖርዌይ፣ በኦስሎ ከተማ፣ በኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ውሃ አልተመለሰችም። ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ደንገሉ ግን አለ። በውሃ ላይ ቢሆን ኖሮ እንኳን ግማሽ መቶ ዓመት፣ አንድ ዓመትም ባልቆየ ነበር። ያቆያት ደረቅ ላይ መሆኗ ነው።

አንባቢያን ሆይ፣ ታንኳ የምትሠራው በውሃ ላይ ነው፤ ዕድሜዋ የሚጠበቀው ግን በመሬት ላይ ነው። የደከመ ሰው «ነገ አወጣታለሁ» ብሎ ሲተዋት ታንኳዋም ትጠፋለች፣ የቤቱም እንጀራ ይጓደላል። የእኛም ሞፈርና ቀንበር እንዲሁ አይደሉም? ከሥራ በኋላ ያላነሣነውን ዕቃ ዝናብ ያነሣዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ታንኳ ቀዳዳ እያላት ለምን አትሰጥምም?
2. ለታንኳ ፀሐይ ጥሩ ሲሆን ለሳንቃ ጀልባ ለምን አይስማማም?
3. 200 ኪሎ የሚመዝን ግንድ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲወጣ፣ ዳገቱ ብቻውን ስንት ኪሎ ይጨምራል?
4. በቀበሌያችሁ ከባድ ነገር ቁልቁለት ሲወርድ ሰው እንዳይጎዳ ምን ይደረጋል? ሌላስ ምን ቢደረግ ይሻላል? ተነጋገሩበት፤ የተስማማችሁበትንም ጻፉት።